ከጫካው በፊት የነበሩ መንገዶች፦ በሸናንዶዋ ፓርክ የድሮ የጋሪ መንገድ አፈላለግ

በዲሲና በአካባቢዋ የሚኖር አብዛኛው ሐበሻ ሸናንዶዋን የሚያውቀው በኦክቶበር፣ ቅጠሉ ሲቀላ ነው። ስካይላይን ድራይቭ ላይ የመኪና ሰልፍ ተከትሎ፣ ማረፊያው ላይ ፎቶ ተነሥቶ፣ የተቋጠረው ምሳ ተበልቶ ወደ ቤት ይገባል። እዚህ የምንጽፈው ለሌላ ዓይነት ጉዞ ነው፤ ከአስፋልቱ ወርዶ፣ ከፓርኩ በፊት ሰው፣ ጋሪና ከብት የሚሄድባቸውን መንገዶች ፈልጎ ለመርገጥ ለሚፈልግ።

በመጀመሪያ ቦታው እንዴት ጫካ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ምን እንደምትፈልጉ አይገባችሁም። የአሜሪካ ኮንግረስ ፓርኩን በ1926 እ.ኤ.አ. ሲፈቅድ ተራራው ባዶ አልነበረም። እርሻ፣ ግጦሽ፣ የአፕል ማሳ፣ ወፍጮ፣ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ነበረበት። የቨርጂኒያ ግዛት መሬቱን ከፊሉን ገዝቶ፣ ከፊሉን በሕግ አስገድዶ ወስዶ ለፌዴራል መንግሥት አስረከበ። ወደ 500 የሚጠጋ ቤተሰብ ተነሣ። ፓርኩ በ1935 መጨረሻ ተቋቋመ፤ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ደግሞ ጁላይ 3 ቀን 1936 ቢግ ሜዶውስ ላይ መረቁት። ዕድሜያቸውን እዚያው እንዲጨርሱ ከተፈቀደላቸው ጥቂት አረጋውያን የመጨረሻዋ በ1979 አረፉ። ቤቶቹ አብዛኞቹ ፈረሱ ወይም ተቃጠሉ፤ ማሳው ዛፍ ሆነ። መንገድ ግን እንደ ቤት በቀላሉ አይፈርስም። ለዚህ ነው ዛሬ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ እየሄዳችሁ ድንገት እግራችሁ ሥር መሬቱ ደልደል የሚለው።

እነዚያ መንገዶች ሦስት ዕጣ ገጠማቸው። አንዳንዶቹ የእሳት አደጋ መኪና እንዲሄድባቸው ተጠግነው ፋየር ሮድ ተባሉ፤ በብረት በር ወይም በሰንሰለት ተዘግተው ለእግረኛ ክፍት ናቸው። አንዳንዶቹ ጠበው የእግር መንገድ ሆኑ። የቀሩት ቅጠል ለብሰው ተትተዋል። ጀማሪ ከመጀመሪያው ዓይነት መጀመር አለበት። ፋየር ሮድ ላይ ዓይኑን ያሠለጠነ ሰው የተተወውን በቀላሉ ያያል፤ ከተተወው የሚጀምር ግን ጎርፍ የቦረቦረውን ሁሉ መንገድ ይለዋል።

ስካይላይን ድራይቭ ራሱ የድሮ መንገድ እንዳይመስላችሁ። ሥራው የተጀመረው በ1931 ሲሆን የደቡቡ ጫፍ የተከፈተው በ1939 ነው። 105 ማይል (169 ኪ.ሜ) ሙሉ የተራራውን ጀርባ ይዞ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሄዳል። ገበሬና ነጋዴ ግን በተራራ ጀርባ ላይ የሚሄድበት ጉዳይ የለውም። ከምሥራቁ ሜዳ ወደ ምዕራቡ ሸለቆ መሻገር ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹ የድሮ መንገዶች ስካይላይንን ያቋርጡታል። የሚያቋርጡትም ሸንተረሩ ዝቅ በሚልበት ቦታ ነው። እንግሊዝኛው ጋፕ ይለዋል፤ እኛ ደግሞ በር እንለዋለን፣ ጣርማ በር እንደምንለው። ቶርንተን ጋፕ፣ ፊሸርስ ጋፕ፣ ስዊፍት ረን ጋፕ፣ ብራውንስ ጋፕ፣ ሮክፊሽ ጋፕ የሚሉትን ስሞች ካርታ ላይ ስታዩ በር ብላችሁ አንብቧቸው፤ የት መፈለግ እንዳለባችሁ ስሙ ራሱ ነግሯችኋል። አፓላቺያን ትሬል የሚባለው ዝነኛ ረጅም የእግር መንገድ እንኳ በዚህ ፓርክ ውስጥ በብዙ ቦታ የመጀመሪያ መስመሩን ለስካይላይን ለቆ ወደ ጎን ተዛውሯል። አሁን አስፋልቱን ደጋግሞ የሚያቋርጠውም ለዚሁ ነው።

ከቤት ሳትወጡ

የድሮ መንገድ ግማሹ የሚገኘው ኮምፒውተር ላይ ነው። ሦስት ነገር አዘጋጁ።

አንደኛው ፓርኩ ከመቋቋሙ በፊት ወይም በዚያው ሰሞን የተሠራ ካርታ ነው። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የድሮ ካርታዎቹን በነፃ ለማውረድ አቅርቧል፤ ቶፖቪው በሚባለው ገጹ ላይ ቦታውን ጠቅ ስታደርጉ በየዘመኑ የታተመው ይዘረዘራል። በእነዚህ ካርታዎች ላይ ጥንድ ያልተቆራረጠ መስመር የተሻለ መንገድ ነው፤ ጥንድ የተቆራረጠ መስመር ያልተጠገነ የጋሪ መንገድ፤ ነጠላ የተቆራረጠ መስመር የእግር መንገድ፤ ትንሽ ጥቁር አራት ማዕዘን ቤት። ጥቁሮቹ ነጥቦች በአንድ ወንዝ ዳር ተደርድረው ካያችሁ መንደር አገኛችሁ ማለት ነው፤ መንደር ደግሞ ያለ መንገድ አይኖርም። ካርታውን አቬንዛን በመሰለ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ከጫናችሁት ያላችሁበትን ነጥብ በላዩ ያሳያችኋል። ነጥቡን ግን እንደ ወንጌል አትመኑት። የድሮ ቀያሽ መንገዱን የሚያሰምረው በዓይኑና በጥቂት መለኪያ ነጥቦች ስለነበር መስመሩ በአስር ሜትሮች፣ ገደላማ ቦታ ላይ ከዚያም በላይ ሊስት ይችላል። ካርታው የቱ ሸለቆ፣ የቱ ዳር እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ቀሪው የእግር ሥራ ነው።

ሁለተኛው ላይዳር ነው። ከአውሮፕላን በሌዘር የተለካ የመሬት ቅርጽ ሲሆን ዛፉን ገፍፎ አፈሩን ብቻ ያሳያል። ካልቶፖ የሚባለው የካርታ ገጽ ላይ የላይዳር ጥላ የሚል ንብርብር አለ። በተራራው ወገብ ላይ ሹል ቢላ እንዳጋደመ ቀጭን መስመር ካያችሁ ያ የተቆረጠ መንገድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጥላው የሚሠራው ብርሃን ከአንድ አቅጣጫ እንደሚመጣ ተቆጥሮ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሰሜን ምዕራብ። ብርሃኑ በሚመጣበት አቅጣጫ የሚሄድ መንገድ ጥላ ስለማይጥል አይታይም። የብርሃኑን አቅጣጫ መቀየር የሚያስችል ገጽ ከሆነ ቀይሩት፤ ካልሆነ የዳገት መጠን በቀለም የሚያሳየውን ንብርብር ክፈቱ። ቀይ በቀይ በሆነ ገደል መሐል መንገዱ እንደ ነጣ ያለ ክር ይለያል።

ሦስተኛው የወረቀት ካርታ ነው። የፖቶማክ አፓላቺያን ትሬል ክለብ ፓርኩን በሦስት ከፍሎ ያሳተማቸው ካርታዎች አሉ፦ ቁጥር 9 ሰሜኑን፣ 10 መካከሉን፣ 11 ደቡቡን ይይዛሉ። ስልክ በሸለቆዎቹ ውስጥ አይሠራም ብላችሁ ተነሡ። ኮምፓስ የምትይዙ ከሆነ ደግሞ በዚህ አካባቢ መግነጢሳዊው ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን ወደ 10 ዲግሪ ምዕራብ ያዘነብላል። ያንን ሳታስተካክሉ አንድ ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ 175 ሜትር ያህል ስታችኋል፤ በጠባብ ሸለቆ ይህ ሌላ ሸንተረር ላይ መውጣት ማለት ነው።

ጊዜውን በሚመለከት ምክራችን ከብዙኃኑ ይለያል። ኦክቶበርን ለፎቶ አንሺዎች ተዉላቸው። የድሮ መንገድ የሚታየው ቅጠል ከረገፈ በኋላ፣ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ነው። ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ትንሹ ጎድጓዳ እንኳ ጥላ ይጥላል፤ እባብና መዥገርም ይቀንሳሉ። በበጋ ሸለቆዎቹ ሳማ ይሞላሉ፤ ቁምጣ ለብሶ የገባ ያውቀዋል። የክረምቱ ችግር በረዶ ሲጥል ስካይላይን መዘጋቱና ቀኑ ማጠሩ ነው። ዲሴምበር ላይ 11 ሰዓት ከመሆኑ በፊት ፀሐይ ትጠልቃለች።

መሬቱን ማንበብ

ጎን ለጎን ያዘነበለ ተራራ ላይ ቁሙና እግራችሁን በመንገዱ አግድም ዘርጉ። የእግር መንገድ ከአንድ ሜትር ብዙም አይሰፋም። የጋሪ መንገድ ግን ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 4 ሜትር ድረስ ደልዳላ ነው። በላይኛው በኩል ተራራው ተቆርጦ ትንሽ ግድግዳ ይሠራል፤ የተቆረጠው አፈር በታችኛው በኩል ተደፍቶ ትከሻ ይሆናል። መንገድ ሥራ ላይ የዋለ ሰው ቆረጣና ሙሌት የሚለው ይኸው ነው። ሁለቱም ካሉ ሰው የሠራው ነው። ላይኛው ብቻ ካለ ምናልባት ጎርፍ ወይም የወደቀ ዛፍ ሥር ነው። የ5 ሜትር መለኪያ ኪስ ውስጥ መያዝ ይህን ክርክር ያቆማል።

ቀጥሎ ዳገቱን ለኩ። ጭነት የያዘ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ረጅም ርቀት ከ10 በመቶ በላይ ማቀበት ይቸገራል። ይኸውም በ100 ሜትር 10 ሜትር መውጣት፣ በስልካችሁ የማዘንበል መለኪያ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ነው። የሚለካው በአንድ ነጥብ አይደለም፤ 30 እርምጃ ሂዱ፣ ወደ ኋላ ዞራችሁ አማካዩን ውሰዱ። መስመሩ 15 ዲግሪ እየሆነ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ከወጣ ግንድ የተጎተተበት ነው፤ ተከትላችሁት ብትሄዱ የተቆረጠ ጫካ መሐል ጥሏችሁ ይጠፋል። የጋሪ መንገድ ዳገት ሲበረታበት ይጠመዘዛል እንጂ አይጋፈጠውም።

ካብ ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም። የኮንሶን እርከን ያየ ወይም በድንጋይ ካብ የታጠረ ግቢ ያደገ ሰው እዚህ ከማንም ፈረንጅ ቀድሞ ያያል። ልዩነቱን ግን ለዩ። ከመንገዱ ታችኛ ጎን ተጠግቶ፣ ከመንገዱ ጋር እየተጠመዘዘ የሚሄድ ካብ መንገዱን የሚደግፍ ነው። ተራራውን ቀጥ ብሎ የሚወጣና የሚወርድ ካብ የማሳ ድንበር ነው። በጫካ መሐል ያለ ቅርጽ የተከመረ ድንጋይ ደግሞ ገበሬው ከማሳው የለቀመው ነው፤ መንገድ አይደለም፣ ግን መንገድ ቅርብ እንደሆነ ይናገራል።

ወንዝ ላይ ሲደርሱ ብዙዎች ተስፋ ይቆርጣሉ። መንገዱ ዳር ድረስ መጥቶ ድንገት ያልቃል፤ ማዶ ምንም የለም። ያለቀ አይደለም። የድሮ መንገድ በመልካ ይሻገር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ጎርፍ ታችኛውን አፍ ጠርጎ ወስዶታል። አሁን ያላችሁበትን ከፍታ በዓይናችሁ ያዙና ተሻግራችሁ በዚያው ከፍታ ላይ ወደ ላይም ወደ ታችም 50 ሜትር ያህል ፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ወደ ውሃው በሰያፍ የሚወርድ የተቆረጠ አፍ ታገኛላችሁ።

ዛፍ ረዳትም አሳሳችም ነው። በመንገዱ ውስጥ የበቀሉት ዛፎች ከዳር ካሉት ይቀጥናሉ፤ አንዳንዴ ከዳርና ከዳር ወፍራሞቹ ተሰልፈው ይታያሉ። ሆኖም ውፍረትን ብቻ አይታችሁ ዕድሜ አትቁጠሩ። ቀጥ ብሎ የሚያድገው ቱሊፕ ፖፕላር በተተወ ማሳ ላይ ፈጥኖ ስለሚገዝፍ የ80 ዓመቱ ዛፍ የ200 ይመስላል።

የቤት ቦታ የሚታወቀው በአበባው ነው። ማርች መጨረሻና ኤፕሪል ላይ ደን መሐል ቢጫ ዳፎዲል በረድፍ ካያችሁ ማንም ዱር ውስጥ አልዘራውም፤ የአንዲት ባልቴት ደጃፍ ነው። መሬት ላይ የሚነጠፈው ቪንካ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ስለሆነ በክረምት ከሩቅ ይለያል። ዩካ፣ ሊላክና ያረጀ አፕል ዛፍም የግቢ ምልክቶች ናቸው። ከአበባው ዙሪያ 20 ሜትር ተመልከቱ፤ የጭስ ማውጫ ቁልል፣ የቤት መሠረት ወይም በድንጋይ የተገነባ ምንጭ አይጠፋም። ከቤቱ ወደ መንገዱ የሚወስድ ቅያስም አለ፤ ለዚህ ነው አበባው ለመንገድ ፈላጊ ከካርታ የማያንስ ምልክት የሆነው።

በምዕራቡ ግርጌ፣ በተለይ በማዲሰን ረን አካባቢ፣ በዲያሜትር 10 ሜትር የሚሆን ክብ ደልዳላ ቦታ ካጋጠማችሁ የከሰል ማክሰያ ነው። የብረት ማቅለጫ ምድጃዎቹ ከሰል ይፈልጉ ነበር። ከእያንዳንዱ ክብ የሚወጣ ጋሪ የሚያሳልፍ ቅያስ ስላለ ሁለት ሦስት ክብ ካገኛችሁ መንገዶቹ ወዴት እንደሚገናኙ መገመት ይቻላል።

ለመጀመሪያ ቀን፦ ፊሸርስ ጋፕ

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ እዚህ ሂዱ። ከዲሲ በ66 ወጥታችሁ ዋረንተንን አልፋችሁ በ211 ወደ ስፐሪቪል፣ ከዚያ ወደ ቶርንተን ጋፕ መግቢያ ትደርሳላችሁ፤ ማይል 31.5 ላይ ነው (ቁጥሩ በስካይላይን ዳር የቆመው የማይል ምልክት ነው፤ ከሰሜኑ ጫፍ ይቆጠራል)። ለአንድ መኪና 30 ዶላር ሲሆን ለ7 ቀን ያገለግላል። ወደ ደቡብ ስትታጠፉ ብዙም ሳይቆይ ሜሪስ ሮክ የሚባለውን ዋሻ ታልፋላችሁ። ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ስለሆነ ፊሸርስ ጋፕ ድረስ ያለው 18 ማይል ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ማይል 49.4። ማረፊያው ላይ አቁሙ። ከፋየር ሮዱ የብረት በር ፊት በጭራሽ እንዳታቆሙ፤ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ መግቢያ ነው።

በዚህ በር የሚያልፈው መንገድ በ19ኛው መቶ ዘመን ጎርደንስቪልን ከምዕራቡ ሸለቆ ያገናኝ የነበረ የክፍያ መንገድ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በኖቬምበር 1862፣ የደቡቦቹ ጄኔራል ስቶንዎል ጃክሰን ሠራዊት ወደ ፍሬድሪክስበርግ ሲሄድ ተራራውን የተሻገረበትም ይኸው ነው። ዛሬ የምሥራቁ ክንፍ ሮዝ ሪቨር ፋየር ሮድ፣ የምዕራቡ ሬድ ጌት ፋየር ሮድ ይባላል። ስካይላይን መሐሉን ቆርጦት አልፏል።

የሮዝ ሪቨር ዙር 4 ማይል (6.4 ኪ.ሜ) ሲሆን ወደ 275 ሜትር መውጣት አለው። አካሄዱ እንዲህ ነው። አስፋልቱን ተሻግራችሁ ፋየር ሮዱ መግቢያ ላይ ወዲያው ወደ ግራ በሚታጠፈው የእግር መንገድ ግቡ። መጀመሪያ ላይ ቢጫ ቀለም የተቀባ የፈረስ መንገድ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ሲለያዩ የእናንተው ሰማያዊ ምልክት ያለው ነው። እየወረዳችሁ ሮዝ ሪቨር ፏፏቴ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ወንዙን ተከትላችሁ ወርዳችሁ፣ ከሆግካምፕ ብራንች ጅረት ጋር ሽቅብ ስትዞሩ የድሮ የመዳብ ማዕድን ማውጫ ቅሪት ታያላችሁ። በእግረኛ ድልድይ ተሻግራችሁ ጅረቱን እየያዛችሁ ስትወጡ ፋየር ሮዱ ላይ ትወጣላችሁ። ወደ ቀኝ ታጠፉ። ድልድዩን እንዳለፋችሁ በግራ ያለው ቅያስ ወደ ዳርክ ሆሎው ፏፏቴ ግርጌ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ አትለፉት። ከዚያ ወደ መኪናችሁ ከአንድ ማይል ትንሽ የሚበልጥ ቀርቷችኋል።

ትምህርቱ ያለው እዚህ የመጨረሻ ማይል ላይ ነው። እስካሁን የሄዳችሁበት ለእግረኛ የተሠራ ስለሆነ ዐለት ለዐለት፣ ሥር ለሥር ነበር። ፋየር ሮዱ ላይ ስትወጡ ግን እስትንፋሳችሁ ይስተካከላል፤ ሽቅብ እየሄዳችሁ ወሬ ማውራት ትችላላችሁ። ዳገቱ ለጫነ ጋሪ ስለተመጠነ ነው። እየቆማችሁ ስፋቱን ለኩ፣ ማዘንበሉን ለኩ፣ ላይኛውን ቆረጣና ታችኛውን ሙሌት እዩ፤ ውሃው ወዴት በቦይ እንደሚወርድ ተከተሉ። ከመድረሳችሁ በፊት ኬቭ የሚባል ቤተሰብ መካነ መቃብር አለ። ሌላ ቦታ ላይ የምትፈልጉትን ቅርጽ ዓይናችሁ የሚለምደው በዚህ ነው። ጉልበት ከተረፋችሁ ወደ ምዕራብ ተሻግራችሁ ሬድ ጌት ላይ አንድ ማይል ወርዳችሁ ተመለሱ፤ ጠመዝማዛው ከሮዝ ሪቨር ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

ከዚህ በኋላ የሚከተሉት ደረጃ በደረጃ ይከብዳሉ። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ማይል 59.5 ላይ ያለው ፖኮሲን ፋየር ሮድ ይመቻል፤ አንድ ማይል ያህል እንደ ወረዳችሁ የድሮ ሚስዮን ፍርስራሽ አለ። ወደዚያ ስትሄዱ የምታልፉት ሉዊስ ማውንቴን፣ ማይል 57.5፣ በዘር ክፍፍሉ ዘመን ለጥቁር ጎብኚዎች ብቻ ተብሎ የተከፈተ ማረፊያ ነበር፤ ዛሬ ድንኳን ተከሎ ማደር ለሚፈልግ ከቢግ ሜዶውስ ይልቅ ጸጥ ያለ ነው። ብራውንስ ጋፕ፣ ማይል 83 ላይ፣ ከ1800ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የነበረ የክፍያ መንገድ ነው፤ ወደ ምዕራብ በማዲሰን ረን ፋየር ሮድ 5 ማይል ያህል ይወርዳል።

ኒኮልሰን ሆሎው የተለየ ነው። ማይል 37.9 ላይ ከሚጀምረው የኮርቢን ካቢን አቋራጭ 1.5 ማይል ያህል ስትወርዱ ከፓርኩ በፊት የነበረ የእንጨት ቤት ቆሞ ታገኛላችሁ። ካርታዎቹን ያሳተመው የፖቶማክ ክለብ ስለሚያከራየው ተቆልፏል፤ ሰው ካደረበት በረንዳው ላይ አትውጡ። ከዚያ በኒኮልሰን ሆሎው ትሬል ሽቅብ፣ በአፓላቺያን ትሬል ወደ መኪና መመለስ ይቻላል። ግራና ቀኙ ካብ ነው። የእግር መንገዱ የመንደሩ መንገድ የነበረ ስለሆነ ከእሱ የሚገነጠሉትን ቅያሶች መቁጠር ጥሩ ልምምድ ነው፤ እያንዳንዱ ወደ አንድ ቤት ይሄድ ነበር።

ኦልድ ራግን ሁሉም ያውቀዋል። ዐለቱን ወጥቶ አናቱ ላይ ፎቶ ተነሥቶ ሲመለስ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ረጅም ፋየር ሮድ ሁሉም ያማርራል። ያ ዊክሊ ሆሎው ነው፤ ኦልድ ራግ የሚባል ፖስታ ቤት የነበረው መንደር መንገድ። ሦስቱ ፋየር ሮዶች የሚገናኙበት መጋጠሚያ ዛሬም በፖስታ ቤቱ ስም ይጠራል። ዳገቱን ትተው መንደሩን ብቻ ማየትም ይቻላል። ከማርች 1 እስከ ኖቬምበር 30 ኦልድ ራግን ለመውጣት የሚሄድ ሁሉ አስቀድሞ በኢንተርኔት የቀን ትኬት መቁረጥ አለበት፤ በቀን የሚሸጠው 800 ብቻ ነው።

የሚበላሸው የት ላይ ነው

ዋናው ስህተት ሰዓት ነው። እኛ የለመድነው ተራራ ከታች ተነሥቶ የሚወጣ ነው፤ ደክሞት የሚመለስ ሰው ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ሸናንዶዋ ግን መኪናው ያለው አናቱ ላይ ነው። መጀመሪያ እየቀለላችሁ ትወርዳላችሁ፤ ዳገቱ የሚመጣው ውሃው ካለቀ፣ ልጁ ማልቀስ ከጀመረ በኋላ ነው። ስሌቱ ይህ ነው፦ ለ3 ኪ.ሜ አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር መውጣት 15 ደቂቃ። ሮዝ ሪቨር በዚህ ሲሰላ ወደ 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው፤ ለመለካትና ለመመልከት ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ከመንገድ ውጭ ጫካ ውስጥ በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ጎበዞች ናችሁ። በክረምት የት እንደደረሳችሁ ሳይታይ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፊታችሁን አዙሩ። ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ፣ የግንባር መብራት፣ ቆሎ ወይም በሶ ያዙ። ከጅረት የተቀዳ ሳይጣራ ወይም ሳይፈላ አይጠጣም። ነዳጅ ከፓርኩ ውጭ ሞልታችሁ ግቡ።

ሁለተኛው ምልክት ማምታታት ነው። ነጭ ቀለም አፓላቺያን ትሬል፣ ሰማያዊ የእግረኛ፣ ቢጫ ለፈረስም የተፈቀደ ነው። ዛፍ ላይ ቀይ ቀለም ካያችሁ የፓርኩ ድንበር ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሰው መሬት ስለሆነ ተመለሱ። የድሮ መንገድ ድንበር አያውቅም፤ እናንተ ግን ማወቅ አለባችሁ። በተለይ በአደን ወቅት ድንበር አካባቢ ብርቱካናማ ልብስ ግድ ነው። መገናኛዎች ላይ የቆሙት የሲሚንቶ ምሰሶዎች በብረት ቀበቶ ላይ የተጻፈ አቅጣጫና ርቀት ስላላቸው በየደረሳችሁበት ፎቶ አንሱ፤ ስትመለሱ ከካርታው ጋር ለማስተያየት ይጠቅማል።

ሦስተኛው እጅ ነው። ካብ ስታዩ ድንጋዩን መደገፍ፣ ቀዳዳው ውስጥ እጅ መስደድ ያምራል፤ ኮፐርሄድና ራትልስኔክ የሚባሉት መርዛማ እባቦች የሚተኙትም እዚያው ነው። በድንጋይ የቆመ የጭስ ማውጫ ሥር አትቀመጡ። በድሮ ግቢ ውስጥ በቅጠል የተሸፈነ የውሃ ጉድጓድ ሊኖር ስለሚችል በበትር እየነካችሁ ሂዱ። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ተክል ፖይዝን አይቪ ሊሆን ይችላልና አትንኩት፤ በክረምት ቅጠል ባይኖረውም ዛፍ ላይ የወጣው ጸጉራም ሐረጉ ቆዳ ያቃጥላል። ስትመለሱ ብብት፣ ጉልበት ጀርባና የፀጉር ሥር መዥገር ፈትሹ፤ መዥገር የሚያስተላልፈው የላይም በሽታ በዚህ አካባቢ የተለመደ ነው። ነጣ ያለ ሱሪ ለብሶ ጫፉን ካልሲ ውስጥ መክተት ግማሹን ሥራ ይሠራል።

ያገኛችሁትን ጠርሙስ፣ የፈረስ ጫማ ወይም የምድጃ ብረት አታንሱ፤ ገልብጣችሁ ካያችሁም እንደነበረ መልሱ። ከፌዴራል መሬት ቅርስ መውሰድ ወንጀል ነው፤ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዞ መግባትም ክልክል ነው። ብስክሌት በአብዛኛው ፋየር ሮድ ላይ አይፈቀድም። ውሻ በአብዛኛው መንገድ ላይ በገመድ ይፈቀዳል፤ ኦልድ ራግና ዳርክ ሆሎው ፏፏቴ ላይ ግን አይገባም። መካነ መቃብሮቹ ብዙዎቹ ጽሑፍ የሌለው ሻካራ ድንጋይ ብቻ የቆመባቸው ናቸው፤ ከእግር ጋር የሚያጋጭ ድንጋይ በረድፍ ካያችሁ ዙሩት። የተነሡት ሰዎች ልጅ ልጆች አሁንም ይመጡባቸዋል።

ቤት ስትገቡ የሄዳችሁበትን መስመር ከስልካችሁ አውጥታችሁ በድሮው ካርታ ላይ ደርቡት። ሁለቱ የሚለያዩበትን ቦታ ክብ አድርጉ፤ ወይ ቀያሹ ስቷል፣ ወይ መንገዱ ተዛውሯል፣ ወይ እናንተ ግንድ መጎተቻ ተከትላችኋል። ላይዳሩን እዚያ ነጥብ ላይ አጉልታችሁ እዩትና ለቀጣዩ ማርች፣ ዳፎዲሉ ሳይረግፍ ለመሄድ ቀን ያዙ።